አሥራ ዘጠኙ እርከኖች

የልጅ ልጄ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ አስከትላ ቤት ስትደርስ፣ ልጁ በእሷ ሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር። ሕፃን መሰለኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። እጄ ላይ የነበረውን መቀስ የት እንደጣልኩት እንኳ አላውቅም፤ በማግስቱ ከሶፋው ሥር ነው ያገኘሁት።

«እቴቴ፣ በሩን ሰፋ አድርጊው። እንዳትገፊው» አለችኝ ኩኩ።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የእኔ ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትናንት ነው የጀመርኩት። ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ጎረምሳው ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠና ሻርፑን ገለጥ አደረገልኝ። ሁለት የቆሙ የብርጭቆ ቱቦዎች ናቸው፤ መሐላቸው ላይ እንደ ድልድይ ያለ ሦስተኛ ቱቦ ያገናኛቸዋል። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ ከላይ ቀጫጭን ሽቦ ገብቶባቸዋል።

«ክሪስታል ነው እማማ» አለኝ። «ልጅ አይደለም።»

«ልጅ ነው ያለህ ማን ነው?» አልኩት፤ ፊቴ ግን እንደ ፍም ሲግል ይታወቀኛል።

ከእሱ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ኩኩም ብትሆን እኔን የቀደመችኝ በአንድ ሰዓት ብቻ ነበር።

ኩኩ እናቷን ካጣች ጀምሮ እኔ እጅ ላይ ያደገች ናት። በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ክሪስታል ታበቅላለች። ያን ሰሞን ከተቋሙ አጠገብ ያለውን ሕንፃ እያፈረሱ ነበርና ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ ክሪስታል ደግሞ ሲያድግ ከነቀነቁት ይበላሻል። አለቃዋን ፕሮፌሰሯን አስፈቅዳ፣ ዕቃውን ወደ ቤት ልታመጣ ታቅፋ ደረጃ ስትወርድ አንድ ሰው እየሮጠ ወደ ላይ ይወጣል።

«አትተንፍስ» አለችው።

ማን ነሽ፣ ምን ነው፣ ብሎ አልጠየቀም። ትንፋሹን ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ታች ደርሳ ቀና ብትል ዓይኑ ሊፈነዳ ደርሷል፤ እዚያው እንደተለጠፈ ነው።

«አሁን ተንፍስ» አለችው።

ወርዶ በር ከፈተላት፣ ታክሲ ጠራላት፣ ታክሲው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዕቃው እንዳይናጥ ደረቱ ላይ አቅፎ እስከ ቤቴ መጣ። ለካስ እዚያው ተቋም ውስጥ ምድር ቤት የሚሠራ ለኪ ኖሯል፤ እንደ እሷ ባለ ክሪስታል ላይ ሽቦ አስሮ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍበት የሚለካ። ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርተው አልተያዩም። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለኪው አልኩት።

ከኋላ ያለችው ክፍል ድሮ ጨርቅ የምቆርጥባት ናት፤ ጸጥ ያለች። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፈው ዕቃውን አኖሩት። ብርሃን እንዳያገኘው ከጥቁር ከፋይ ልባስ ሰፋሁለት። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ሣጥን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተሰካች፤ ሌት ከቀን ለጉድ ያነሰች ኤሌክትሪክ የምትሰጠው እሷ ናት።

«ማይልኝ እቴቴ» አለች ኩኩ። «እንዳትነኪው፣ እንዳታነቃንቂው፣ ልባሱን እንዳትገልጪ።»

«እጄን አላሳርፍበትም» ብዬ ማልኩ። አላሳረፍኩበትምም።

ግን ስለ እኔ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የልብስ ስፌት ቤቴን ያቃጠለው ካውያ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አጥፍቻለሁ ብዬ ወጥቼ ስመለስ የጠበቀኝ ጭስ ነው። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር በርቶ ትቼ ወጥቼ አላውቅም። ጉልበቴን ስለሚያመኝ በሳምንት አራት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ፊዚዮቴራፒ እሄዳለሁ። ስወጣ ኩሽናውን ጠቅ፣ ሳሎኑን ጠቅ፣ የኋላዋን ክፍል ጠቅ። ስመለስ እንደገና ጠቅ። ለሰው የሚነገር ነገር ነው ብዬም አላሰብኩ። ሰው «ዛሬ በሬን ቆለፍኩ» ብሎ ያወራል እንዴ?

ለኪው በየሁለት ቀኑ «ልየው ብዬ ነው» እያለ ይመጣል። ጥቁር ከፋይ የለበሰ ነገር ምኑ ይታያል? እነሱ ግን ጎን ለጎን ቆመው ያዩታል። እኔ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ብዬ እነሱን አያለሁ። አይነካኩም፣ አያወሩም። አንድ ዘፈን አብረው የሚሰሙ ይመስላሉ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ሲያድግ ምን ይሆናል?» አልኩ።

ለኪው ከጨርቄ መሐል መጥቶ ተቀመጠ። «ጨርቅ ላይ ገበር፣ ገበር ላይ ጨርቅ እየደረቡ ቢሄዱ ያስቡት እማማ። ጨርቁ ከካርቦንና ከድኝ የተሠራ ሞለኪውል ነው። ገበሩ አዮዲን።»

«ቁስል ላይ የሚቀባው?»

«እሱው። ኤሌክትሪኩ በጨርቁ ላይ ይሮጣል፣ ገበሩን ግን መሻገር ይከብደዋል።»

«ካርቦንና ድኝማ የፕላስቲክ ዘመድ አይደለም እንዴ? ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ እንዳይዘን ሽቦ የምንሸፍንበት ነው እኮ።»

«የፕላስቲክ ዘመድ ነው። ከቤተሰቡ ወጣ ያለ ልጅ ነው እንጂ።»

ቀጥሎ የነገረኝን ስሰማ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ተክዬ አዳመጥኩ። ኤሌክትሮን በሌላው ነገር ውስጥ ሲሄድ እንደ ወዛደር ነው፣ ከብዶት ነው የሚሄደው። ይህን ክሪስታል ግን በኃይል ሲጫኑት ውስጡ ያለው ኤሌክትሮን ክብደት እንደሌለው ይሆንና እንደ ብርሃን ይሮጣል። ዲራክ ኤሌክትሮን ይሉታል።

«ክብደቱን የት ይጥለዋል?» አልኩት።

«የትም።»

«የትም የሚጣል ነገር የለም ልጄ።»

ኩኩን አያት። ኩኩም አየችው። እኔ እዚያ መኖሬን ሁለቱም ረስተውት ቆዩ።

«ሌላም የምንፈልገው አለ» አለ በኋላ። «መሐሉን ዘግቶ በጠርዙ ብቻ የሚያሳልፍ። ጠርዙን ቢቧጥጡት፣ ቢያጎድፉት መንገዱ አይጠፋም። ቶፖሎጂ የሚባል ነገር ነው።»

ኩኩ ከወዳደቀው ቁራጭ አንድ መቀነት አነሣች፤ አንዴ ጠመዘዘችና ሁለቱን ጫፍ በመርፌ አያያዘችው። «እስቲ እቴቴ፣ ይህን ሳትፈቺ ጠምዛዛውን አጥፊው።»

«ስፌቱ ካልተፈታ አይቃናም» አልኩ። «አንድ ጊዜ ለሙሽራ እንዲህ ሰፍቼ ቀኑን ሙሉ ስጎትተው ውያለሁ።»

«አየህ?» አለችው። «እቴቴ ቶፖሎጂ ታውቃለች።»

«የት ተማሩት እማማ?»

«ከስህተት።»

ክሪስታሉ ደረሰ። ከዓይን ሽፋሽፍት የማይረዝሙ ጥቋቁር ቅጠሎች ሆነው ወጡ። እኔ «ለዚህ ነው አምስት ሳምንት?» ብዬ ነበር። ለኪው ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ በአጉሊ መነጽር እያየ ለጠፈባቸው። በሦስተኛው ቀን ኩኩ እኩለ ቀን ላይ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«በጠርዙ ያልፋል እቴቴ። መሐሉ ተዘግቶ በጠርዙ ያልፋል። ሦስት ጊዜ ለካው።»

ቅዳሜ ለኪው ብስኩት ይዞ መጣ። ሻይ ቀረበለት፣ አልጠጣም። «እማማ፣ ኩኩን ልጠይቅዎ ነበር።»

«ምኗን?»

«ራሷን።»

ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ሲወድቅ ሰማሁ። ኩኩ ናት። እኔ ደግሞ ለቅሶም ሳቅም አልመጣልኝም፤ የያዘኝ ድንጋጤ ብቻ ነው። ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወረድኩ። «ቁም» አልኩት። «ሌላውን ስትለካ ኖረሃል፤ ዛሬ ተራህ ነው። ሱፍህን እኔ ነኝ የምሰፋው።» ደረቱን ስለካው ፍንክች አላለም።

ፕሮፌሰሯ ውጤቱን ትልቅ ስብሰባ ላይ አቀረቡ። እኔም የኩኩን የሠርግ ቀሚስ ቆረጥኩ።

ከዚያ የሕንፃው ማፍረስ አለቀና ኩኩ ሁለተኛውን ዙር እዚያው ተቋሙ ውስጥ አበቀለች። ለኪው ለካው። በጠርዙ ምንም አያልፍም። ሦስተኛውን ዙር አበቀለች። ምንም። ከሌላ አገር ያሉ ሰዎችም «ሞከርን፣ አላገኘንም» ብለው ጻፉ።

ፕሮፌሰሯ ሰው የሚያንገላቱ አይደሉም አሉ። ቢሆንም የእሳቸውም ስም አለበት። ሁለቱን ለየብቻ ጠርተው «ሳትነጋገሩ፣ የሠራችሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉልኝ» አሏቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ምክንያቱ ካልተገኘ ውጤቱ ይሰረዛል፤ አንዱ አታልሏል ማለት ነውና ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ሁለቱም ከሥራ ይታገዳሉ።

እሱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ክሪስታሉ እጄ ከገባ በኋላ የሆነው ሁሉ ይኸው ነው። እጄ ከመግባቱ በፊት ምን እንደደረሰበት አላውቅም።»

እሷም ጻፈች፦ «ሦስቱንም ዙር አንድ ዓይነት አድርጌ ነው ያበቀልኩት። ከእጄ ከወጣ በኋላ ምን እንደደረሰበት አላውቅም።»

ሁለቱም አልዋሹም። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነበቡ ግን አንዱ ሌላውን በጣቱ የሚያሳይ ሆኑ።

ኩኩ ያን ቀን በጊዜ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ መሐል ወለል ላይ ቆመች።

«አታላይ አድርጎ ጻፈኝ» አለች።

«ስምሽን ጠርቶ?»

«አልጠራም።»

«አንቺስ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«እውነቱን።»

«እሱስ?»

ዓይኗ ልብስ ከምለካበት የእንጨት ምስል ላይ ወደተሰቀለው ቀሚስ ሄደ። «ስፌቱን አቁሚው እቴቴ» አለችኝ። መርፌው ግራ እጅጌው ላይ እንደተሰካ ቀረ።

ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። ስትበላ አያታለሁ፣ አትበላም። ስልኳ ይጠራል፣ አታነሣም። በኋላ መጥራቱንም ተወ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ለኪው ነው። ከስቷል። ጥቁሩን ልባስ አጣጥፎ ይዟል፤ ክሪስታሉ ወደ እሱ ሲሄድ አብሮ ሄዶ ነበር።

«ኩኩ የለችም» አልኩት።

«አውቃለሁ እማማ። እንዳላስቸግራት ብዬ ነው በዚህ ሰዓት የመጣሁት። ይህን ልመልስ፣ ሱፉንም እንዳይሰፉ ልነግርዎ።»

ሻይ ቀዳሁለት። ቀሚሱን እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ምን ልበለው? ልጄ ትወድሃለች ልበለው? እሱስ መች ጠፋው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል የሕክምና ካርዴን ያዝኩና «አብረን እንውጣ፣ ፊዚዮቴራፒዬ ደርሷል» አልኩት።

ኩሽናውን ጠቅ። ሳሎኑን ጠቅ። እግሬ ለምዶበት ወደ ኋላዋ ክፍል ሄድኩ፤ ባዶ ናት፣ ቢሆንም ጠቅ።

«እዚያ ምን በርቶ ነው?» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ።

«ምንም። ልማድ ነው። ከቤት ስወጣ ሁሉንም አጠፋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«በካውያ የተቃጠለ ሰው ምን ያደርጋል ብለህ ነው?»

እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «ክሪስታሉ እዚህ በነበረ ጊዜስ እማማ?»

«እሱንማ በተለይ» አልኩት።

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ያመመው መስሎኝ «ውኃ ላምጣልህ?» እያልኩ ዞር ስል ፊቱን አየሁት። የታመመ ሰው ፊት አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህቺ ጣት፣ ሠላሳ ዓመት ቤቴን ስትጠብቅ የኖረች ጣት፣ የልጄን ትዳር አጥፍታ አረፈች።

«እኔ ነኝ?» አልኩት።

«ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥበት ክሪስታሉ ማደጉን ያቆማል» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ሲመለስለት አዲስ ድርብ ይጀምራል። በቆመበት ቦታ ሁሉ ጠርዝ ይቀራል። እንደ እርከን። እኛ አንድ ጠርዝ ስንፈልግ እርስዎ ደርድረውልናል።»

«በል ሂድና ንገራት።»

«እኔ ብነግራት ደግሞ ጥፋቱን አያቴ ላይ ጣለ ትለኛለች።»

«እኔ ባልነግራትስ?»

«ከእናቷ በኋላ ያሏት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። «እርስዎ ዝም ካሉ እኔም ዝም እላለሁ።»

ሥራው፣ ስሙ፣ ሁሉ ነገሩ በነገው ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ይህን ይላል። አየሁት። ኩኩ ምን እንዳየችበት እኔም ያን ጊዜ አየሁ። ልቧ ከእኔ ይርቅ ይሆን ብዬ እየፈራሁ፣ አፌ ግን ቀድሞ «ታክሲ ጥራ» አለ። ስፌቱ ካልተፈታ አይቃናም።

ፊዚዮቴራፒው ቀረ። ፕሮፌሰሯ ከእኔ በዕድሜ ብዙም አያንሱም፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ኩኩ ተጠርታ ስትገባና እኔን ስታይ ግድግዳውን ያዘች፣ ሰው የሞተ መስሏት። ለኪውን ስታይ ደግሞ ዓይኗን መለሰች።

ሁሉንም ተናገርኩ። ካውያውን፣ ጭሱን፣ ጠቅታውን።

«እንዴት ነበር የሚያጠፉት?» አሉኝ ፕሮፌሰሯ።

«በዚህ ጣቴ።»

«ቀኑን ያስታውሱታል?»

የፊዚዮቴራፒ ካርዴን ሰጠኋቸው። በሄድኩ ቁጥር ቀንና ሰዓት ይመታበታል። ከኩኩ አምስት ሳምንታት ጋር እያስተያዩ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት። በሳምንት አራት ቀን ሃያ መሆን ነበረበት፤ አሥራ ዘጠኝ ነው።

ከመጀመሪያው ዙር አንዲት ቅጠል በኩኩ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ቀርታ ነበር። በመቆንጠጫ አንሥታ አጉሊ መነጽሩ ሥር አኖረቻት። ወደ ዳር የሚሄደውን ጫፏን እያየች መቁጠር ጀመረች፤ ድምፅዋ እንደ ጸሎት ዝቅ ያለ ነው።

«…አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።» ቀጥላም «እዚህ ጋ ግን አንዱ እርከን ከሌሎቹ ሁሉ ሰፋ ይላል። ወደ አራተኛው ሳምንት ግድም» አለች።

«ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁበት ቀን ነው» አልኩ።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው እኔን፣ ካርዱን፣ ደግሞ እኔን አዩ። ኩኩ ቀና አለች። የተመለከተችው ግን እኔን አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?» አለችው።

ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ዓይኑ ሊፈነዳ ደርሷል። ቅጠሏን በመቆንጠጫ ካነሣችበት ጊዜ ጀምሮ ትንፋሹን ይዞ ኖሯል።

ለመጀመሪያ ጊዜ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፊቷ ሲፈታ አየሁት። «አሁን ተንፍስ» አለችው።

እኔን ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አልፈርድባትም። በሦስተኛው ቀን ቀሚሱን ከእንጨቱ ላይ አውርዳ ለብሳው፣ መርፌው እጅጌው ላይ እንደተሰካ፣ መኪናዬ ፊት መጥታ ቆመች።

«ብብቴ ጋ ይዞኛል እቴቴ» አለች። ጎንበስ ብዬ ለቀቅሁላት፤ እንባዬን እንዳታይም ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ።

ፕሮፌሰሯ ውጤቱን አልሰረዙትም። ግን እንደገና ይታይ አሉ። ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን፣ እዚያው እኔ ቤት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይብቀል፤ አንደኛው እንደ መጀመሪያው በእኔ ጣት እየጠፋ ይብራ፣ ሁለተኛው ለአምስት ሳምንት ለአፍታም እንዳይጠፋ። «ሰዓት ያለው ማጥፊያ እንግጠም» ያሉም ነበሩ። «የለም፣ የሴትዮዋ ጣት ይሁን» አሉ ፕሮፌሰሯ።

ስለዚህ የሠርጋቸው ቀን ሲደርስ ሁለተኛው ዕቃ በርቶ አራተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ቤቱ ደግሞ ባዶ ሊቀር ነው። ጎረቤቴን አደራ ብያታለሁ፣ ቁልፍ ሰጥቻታለሁ፣ አንድ ባልዲ አሸዋም በሩ ሥር አኑሬአለሁ። ቢሆንም የኋላዋ ክፍል ውስጥ አንደኛውን አጥፍቼ፣ የሁለተኛው ማጥፊያ ፊት ቆሜ ቀረሁ። የሣጥኗ አረንጓዴ መብራት ታየኛለች። ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል።

ለኪው ሊጠራኝ ገባ። የሰፋሁለት ሱፍ ደረቱ ላይ ሰፍቶታል፤ ለካስ ስለካው ያኔም ትንፋሹን ይዞ ኖሯል። ጣቴን አየ፣ ማጥፊያውን አየ።

«እቴቴ» አለኝ። እስከዚያ ቀን እማማ ነበር የሚለኝ። «ካስጨነቀዎት ያጥፉት። ሌላ ጊዜ ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን።»

ሣጥኗን አየኋት፣ እሱን አየሁት። ሁለቱንም እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ ማጥፊያውን አልፌው ወጣሁ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ኩኩ ነጭ ጓንት ባጠለቀው እጇ እጄን ያዘችው። ወደ ኋላ፣ ወደ ቤቱ መስኮት፣ ዓይኔን ተክዬ ነበር።

«እቴቴ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «አሁን ተንፍሺ።»